አይነካ

የአዳማ ሙቀት ሲመሽም አይተኛ፤
የውሃ ቢሮው ሰርቨር የእሱ ጓደኛ፣
እኔ ደግሞ የሁለቱ ተረኛ።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ባጃጁ ሁሉ ገብቷል፣
ነፋሱ ብቻ ቀርቷል፤
ከኮረብታው ላይ ተርባይኖቹን ያዞራል።
ዲስኩ ግን ቆሟል፤
ዘጠና ስድስት በመቶ ሞልቷል።

ነገ የወሩ ቢል መውጣት አለበት፣ ቦታ ግን የለም።
ኃላፊዬ ሙዘይን ማምሻውን ደውሎ፦ «አጥፊያቸው በጅምላ፣
የድሮ ፎቶ ለምን ቦታ ይብላ!»
ልክ ነው። ግማሹን።
ስናፕሾት ፎቶ ነው፣ ግን አልበም ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤
ከተማው አንድ ነገር በለወጠ ቁጥር፣
አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ስም፣ አንድ ዕዳ፣
የበፊቱን ለቅሞ ይከታል ጓዳ፤
ቀን በቀን ይወፍራል፣ እንደማይሄድ እንግዳ።

ጓዳ ሲጠረግ ግን ከእጅ ዓይን ይቅደም፤
የተጣለ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም።
ኦቦ ሂርጳ ጡረታ ሲወጣ የተወልኝ ደብተር፣
ሽፋኑ ላይ የካውያ ጠባሳ ያለበት፣
በእርሳስ እንዲህ ይላል፦
«ስሙን ሁለቴ አንብብ። ቮልዩሙን ከስናፕሾቱ ለይ።
ዋናውን ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፣ ፎቶውን ያጠፋ መስሎት፤
ዛሬ ሞጆ ላይ ጎማ ይነፋል፣ ይባርክለት።
ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።
መልሰህ ያልከፈትከው ባክአፕ ደግሞ የለም ይባላል።
አንዱን አጥፋ። ቆይ። እየው። ከዚያ ሌላውን።»

ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መለስኩ፤
የአንድ ሰፈር ቢል ከፈትኩ፣ ተነበበ፣ አመንኩ።
መብራት ቢሄድስ ብዬ የጄኔሬተሩን ናፍጣ በእንጨት ለካሁ።
የሰኔውን አጠፋሁ። ጠበቅኩ።
የሐምሌውን። ጠበቅኩ።
የጳጉሜው ላይ የቅሬታ ክፍሉ የሙከራ ቅጂ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤
መጀመሪያ እሱን አላቀቅኩ።
ዘጠና ሁለት። ሰማንያ ስምንት።

ከሁሉም ስር፣ የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው፣
ከሁሉም የከበደው፣
ስሙ «አይነካ»።
ማን ነው እንዲህ ያለው?

አልነካሁትም። ለንባብ ብቻ ከፈትኩት።
መዝገቡን ወደ ኋላ አገላብጬ ሳየው፣
ስናፕሾቱ በተነሳ በሁለተኛው ደቂቃ አንድ ለውጥ አለ፤
የደንበኛ ስም፦
ከጠጂቱ ነገዎ ወደ ሂርጳ ቱጁባ።
ምክንያት፦ ሞት።
ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማው አሮጌ ሁሉ የተከማቸው
አንዲት መስመር ይዞ ነው።

ሊነጋ ሲል ደወልኩለት።
«የትኛው? … አላስታውስም። የድሮ ነው፣ አጥፊው» ብሎ ዘጋው።
ጠቋሚው ይርገበገባል፤ ማሽኑ ይጠይቃል፦
እርግጠኛ ነሽ?
አይደለሁም።
እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል። ስልኩ ጮኸ።
«ሲፈን፣ አጠፋሽው?»
«አልነካሁትም።»
ዝም አለ። ከጀርባው አውራ ዶሮ ይሰማል።
«ጥሩ። የታኅሣሡን ቢል አትሚልኝ። ከዚያ አጥፊው።
ቀስ ብለሽ።»

አተምኩ። ስሙን ሁለቴ አነበብኩ፣ «አዎ» አልኩ።
ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመ፣
ዲስኩ ስልሳ አንድ ላይ ቆመ።

ጠዋት በሰንደል ጫማ መጣ፤
እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ደረሰ።
«ስንት ላይ ቆመ?» አለ መጀመሪያ፣ ስለ ዲስኩ።
ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።
ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፤ መነጽሩን ረስቷል።
ስሟን ይፈልጋል ብዬ ነበር።
ጣቱ ያረፈው ግን ፍጆታው ላይ ነው፣
ሠላሳ አንድ ሜትር ኩብ።
«የጓሮው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር» አለኝ፤
«ነገ እሠራዋለሁ እያልኳት።»